«ሌሎች» የሚል ማሊያ

በሱፍቃድ እሑድ ጠዋት ማሊያዎቹን ከጥቁር ፌስታል አውጥቶ አልጋዬ ላይ ሲዘረግፋቸው መጀመሪያ ያየሁት ቀለማቸውን ነው። ውሃ ሰማያዊ፣ አንገታቸው ላይ ነጭ መስመር ያለባቸው፣ ገና አዲስ ጨርቅ የሚሸቱ። እሰይ ብዬ አንዱን አንስቼ ጀርባውን ሳዞረው በትልልቅ ነጭ ፊደል «ሌሎች» ይላል። ሌላ አነሳሁ፤ ሌሎች። ከሥር መዝዤ አወጣሁ፤ ያው ሌሎች። «ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት። ወንድሜ በረኛ ነው፤ ኳስ ፊቱ ላይ ሲመጣበት እንኳ ዓይኑን የማይጨፍን ልጅ። ያን ሰዓት ግን እኔን ላለማየት ካልሲውን ይጎትታል። «የቡድናችን ስም ነው» አለኝ።

ኧረ በሕግ! ውድድሩ እኮ «የአነስተኛ ብሔረሰቦች ዋንጫ» ነው የሚባለው። ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ፣ ቋንቋቸውን አዲስ አበባ ውስጥ ለመስማት ዘመድ ቤት መሄድ ያለባቸው ሰዎች ልጆች፣ ልደታ ኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለችው አቧራ ሜዳ ላይ የሚጋጠሙበት ነው። እኛ ዛይ ነን፤ ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የመጣን። አታውቁንም? ምንም አይደል፣ ለምጄዋለሁ። አብነት ባለችው ዓሣ ቤቴ ቆሮሶ ጥብስ የሚበላ ደንበኛ ሁሉ «የት አገር ሰው ነሽ?» ይለኛል፤ «ዛይ ነኝ» ስለው «እሱ ደግሞ የት ነው?» ይልና መልሱን ሳይጠብቅ ሎሚውን ይጨምቃል። ታዲያ ለትንንሾቹ የሚሆን ዋንጫ ተዘጋጀ ሲባል ከልደታ፣ ከአብነትና ከቄራ የአክስትና የአጎት ልጆችን ለቃቅመን ቡድን ሠራን። ዘመድ ተሰብስቦ «አፍ አላት» ብሎ እኔን ቡድን መሪ አደረገኝ። እንግዲህ ለትንንሾቹ በተዘጋጀ ዋንጫ ላይ ከትንንሾቹም ተርፈን «ሌሎች» ሆንን ማለት ነው። ሰው እንዴት ተደርጎ ነው ከትርፍራፊ የሚተርፈው?

በሱፍቃድ ማሊያ ሊቀበል ሄዶ የኮሚቴው ቢሮ በር ላይ ሲጠብቅ የሰማውን ነገረኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ የእድራችን ሰው፣ የአባቴ የዳማ ጓደኛ፣ እኔን ደግሞ ከረሜላ እየገዙ ያሳደጉኝ። «የገብረጊዮርጊስን ልጆች ዛይ ብላችሁ እንዳትመዘግቡ» ይላሉ ውስጥ ሆነው። «ገብሬ ጉራጌ ነው፤ ስንት ዘመን አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ጉራጌ ደግሞ ትልቅ ሕዝብ ነው፣ እዚህ ውድድር አይገባም። ልጆቹ ዋንጫው አምሯቸው የፈጠሩት ነገር ነው።» ከዚያ መለስ ብለው ሆዳቸው ራራ። «ግን ልጆች ናቸው፤ ከምናባርራቸው ሌሎች ብላችሁ አስገቧቸው።» አያችሁልኝ ደግነት! ውሸታም አሉንና በውሸታችን ላይ ማሊያ ሸለሙን።

ይሄን ሁሉ በሱፍቃድ የሚያወራው ጮክ ብሎ ነው። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነች፤ አሮጌው ሠፈራችን ሲፈርስ የደረሰችን። መኝታ ቤቱ የእኔ ነው፤ ሳሎኑን አባቴና ወንድሜ ይጋሩታል፤ በመሀል ያለችው በር ከተሰነጠቀች ቆይታለች፣ እዚህ ሲያስነጥሱ እዚያ «ይማርሽ» ይባላል። አባቴ ጠረጴዛው ጋ ሻይ ይጠጣል። ብርድ ልብሱ ሶፋው ጫፍ ላይ በሥርዓት ታጥፏል፣ ሬዲዮኑ ስለ ዘይት መወደድ ያወራል፣ ሰሃኑ ላይ አንድ ዳቦ አለ፤ ዳቦውም ዋጋው በጨመረ ቁጥር እያነሰ እያነሰ ሄዶ የሕፃን ጉንጭ አክሏል። ሁሉንም እንደሰማ ትከሻው አሳበቀበት። ፊቱ ሄጄ ቆምኩና «አባባ፣ ለጋሽ ወልደአማኑኤል ምን ብለሃቸው ነው?» አልኩት። ሻዩን አማሰለ። «ስኳር አቀብይኝ» አለ። ስኳሩ እኮ እፊቱ ነው።

አባቴ ውሸታም ሰው አይደለም፤ ይሄን በደንብ ልናገር። ሹፌር ሆኖ በሠራበት ዘመን ሁሉ የመንግሥት ቤንዚን ያልነካ ሰው ነው። ግን አንድ አመል አለው፤ የእሱ ዘመን ዛዮች ሁሉ ያላቸው ይመስለኛል። በወር በወሩ አክስቴ ቤት ማኅበር አለን፤ እዚያ ሲገባ በቋንቋው ይስቃል፣ ይከራከራል፣ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ስንወጣ ታክሲ ውስጥ እግሩን ሲያስገባ ቋንቋው ይጠፋል። የጀመረውን ወሬ እንኳ ሳይጨርስ ወደ አማርኛ ይዞራል። «ለምን?» ስለው «ሰው ዞሮ ያየናል» ይላል። ሰው የት አገር ነህ ሲለው «ከዝዋይ» ይላል፤ የቀረውን ጠያቂው ይሞላለታል። ኦሮሞ ነህ? እሺ። አማራ ነህ? እሺ። ጉራጌ ነህ? እሱም እሺ። ማንንም መባል ነውር ሆኖ አይደለም፤ ግማሹ ጎረቤቴ ጉራጌ ነው፣ ከእነሱ ቤት ክትፎ እየበላሁ ነው ያደግሁት። ግን አይደለንማ! ያልሆንነውን እሺ እያልን የሆንነውን ማን ያውቅልን?

«ስሙ ምን ያደርግላችኋል?» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ። «ኳሱን አትጫወቱም?»

ደሜ ፈላ። «እስቲ ልጅህን ሌሎች ብለህ ጥራው» አልኩት። «እዚህ ቆሟል። በል ጥራው!» በሱፍቃድ «ተይው ቤርሲ» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ሦስታችንም ስለ ዘይት ሰማን። ከዚያ ማሊያዎቹን ወደ ፌስታሉ መልሼ ጫማዬን አደረግሁ፤ በሩን ስከፍት «ከቅዳሴ በኋላ ነው ጨዋታው» አልኩት። «መጥተህ ለጓደኛህ ንገራቸው። ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ፣ የእኔ አነጋገር ደግሞ እንዳንተ አይለሰልስም።»

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ማሊያ አታሚ አውቃለሁ፤ ከጫማ መሸጫዎቹ በላይ ፎቅ ላይ ነው፣ እሑድም ይሠራል። ደረጃው ላይ የተደረደረው ካርቶን ለአንድ ሰው እንኳ መንገድ አይሰጥም። ልጁ ማሊያውን አገላብጦ አየና በፊተኛው ጽሑፍ ላይ ሌላ መደረብ አይቻልም አለ፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል። «እንግዲያው ማሊያውን ገልብጠህ በውስጡ በኩል አትምልኝ፤ ገልብጠው ይለብሱታል» አልኩት። «ምን ብዬ?» «ዛይ።» «ምንድን ነው እሱ፣ ጁስ ቤት ነው?» «ሰው ነው» አልኩት። «ስፖንሰር መስሎኝ እኮ ነው» ብሎ ሳቀ። ለአንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር አለኝ። «በማርያም፣ ሁለት ፊደል እኮ ነው!» ስለው «ፊደል በኪሎ አንሸጥም፣ እናቴ» አለኝ። የዓሣ ቤቴን የዘይት መግዣ ቆጥሬ ስሰጠው ግን ፊቴን አይቶ ቀነሰልኝ። ማሽኑ ሲግልና ሲጫን፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸተን፣ በመሀል «ብዙ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጥቂት ነን» አልኩት። «ለዚህ ነው የምንጮኸው።»

ሜዳው ስደርስ አቧራው ከወዲሁ ተነስቷል። አንድ ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ድምፁ የሚያጉረመርም ስፒከር፣ ኦቾሎኒ የሚያዞሩ ሴቶች፣ አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ የሠፈር ልጆች። ልጆቻችን ማሊያውን ገልብጠው ለበሱት፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ አንገታቸው ሥር የፋብሪካው ምልክት ይውለበለባል። ያምሩ ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን ጀርባቸው ላይ ዛይ ይላል፣ ገና ሲነኩት ይሞቃል። ተጋጣሚዎቻችን አርጎባዎች ናቸው፤ አረንጓዴ ለብሰው ወዲያ ማዶ ይሟሟቃሉ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ከድንኳኑ ጥላ ሥር አዩንና በከዘራቸው ጠሩኝ። «ቤርሳቤህ፣ ምን የሚሉት ልብስ ነው ይሄ? ኮሚቴው አላጸደቀውም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ስማችን ነው» አልኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ማን እንደሆነ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?» «እርስዎ የሚያውቁት ዳማ አጨዋወቱን ነው» አልኳቸው። አውቃለሁ፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም። እሳቸው ከዘራቸውን ወደ ሜዳው ቀሰሩ። «የሩብ ሰዓት ጊዜ አላችሁ» አሉ። «በተሰጣችሁ ማሊያ በተሰጣችሁ ስም ካልገባችሁ ፎርፌ ነው። ከውድድሩም ትወጣላችሁ።»

ልጆቹን ሰብስቤ እንደወረደ ነገርኳቸው። ስንት ቀን በጠዋት እየተነሱ፣ ከሥራና ከትምህርት በፊት ሲሮጡ የከረሙት ለዚች ቀን ነው፤ እኔም አንጀቴ አልቻለም፣ ምረጡ አልኳቸው። አጥቂያችን ኃይለመለኮት የአክስቴ ልጅ ነው፣ እግሩ ላይ ዓይን ያለው የሚመስል ልጅ። «እኔ ልጫወት ነው የመጣሁት» አለ። «ከኋላዬ የተጻፈውን እኔ አላየውም።» በሱፍቃድ «አንተ አታየውም፤ የሚያባርርህ ሁሉ ግን ያነበዋል» አለው። ኃይለመለኮት መሬቱን በታኬታው ጫረ። ከዚያ የበሱፍቃድን ትከሻ ይዞ መስመሩ ላይ ቆመ፤ ሌሎቹም ተያይዘው ቆሙ። ሜዳው ጫፍ ላይ፣ ሳይገቡም ሳይወጡም።

እኔ ደግሞ ወዲያ ማዶ ተሻገርኩ። የአርጎባዎቹ ቡድን መሪ ፈሪዳ ትባላለች፣ መርካቶ ሻሽ ትሸጣለች። ነገሩን ሳስረዳት ሳቋን ለቀቀችው፤ ደስ ያለው ሳቅ ግን አይደለም። «አምና ሌሎች ማን ነበር መሰለሽ?» አለችኝ። «እኛ ነና! ዝም ብለን ለብሰን ተጫወትን። ዘንድሮ ስማችንን ሰጡን።» ልጆቿን አየች፤ ትንሹ ልጇ የታኬታውን ክር ያስራል። «ልጆቼ ዛሬ መጫወት አለባቸው፣ እህቴ። አትቀየሚኝ።» «አልቀየምሽም፣ ተጫወቱ» አልኳት። «ግን ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ማንን አሸነፍን ልትሉ ነው?» መልሷን ሳልጠብቅ ተመለስኩ፤ ብጠብቅ ማልቀሴ ነበር።

ማይክ የያዘው ልጅ «አርጎባና ሌሎች ወደ ሜዳ!» አለ። አርጎባዎቹ ገቡ። የእኛዎቹ አልተነቃነቁም። እንደገና ጠራ፤ ዳኛው ሰዓቱን አየ። አጥሩ ላይ ያሉት ልጆች ማፏጨት ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው አባቴን ያየሁት። የክት ኮቱን ለብሶ፣ እያነከሰ፣ አጠገቤ እንኳ ሳይቆም በቀጥታ ወደ ድንኳኑ አለፈ።

«ወልዴ» አለ። «እኔ ዛይ ነኝ።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ከወንበራቸው ሳይነሱ ቀና ብለው አዩት። «ልጅህ አስገድዳህ ነው?»

«ማንም አላስገደደኝም። ያኔ መጀመሪያ ስንተዋወቅ፣ የምነዳው መኪና ውስጥ ሆነን 'ጉራጌ ነህ አይደል?' ብለህ ጠየቅኸኝ። ማስረዳቱ ሰልችቶኝ ነበር፣ እሺ አልኩህ። ከዋለ ካደረ በኋላ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ድምፃቸው ተቀየረ። ቁጣ አይደለም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ገብሬ፣ እናትህን ተሸክሜ የቀበርኩ ሰው እኮ ነኝ። ለቀስተኞቹ በማላውቀው ቋንቋ ሲያለቅሱ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁህ። የሌላ ቤተ ጉራጌ ቋንቋ ነው አልከኝ። በእናትህ ሬሳ ፊት! የማንን እናት እንደምቀብር እንኳ ልትነግረኝ አልወደድክም?»

አባቴ ኮቱን በሁለት እጁ ጨመደደ። እኔ እምልላችኋለሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር፤ ለእሱ ብዬ። ግን አልተመለሰም። «አልኩህ» አለ። «ዋሸሁህ። አፍሬ ነው። ጥቂት ነን፣ ይንቁናል ብዬ ነው። የፈለግኸውን ቅጣኝ፣ ከእድሩም አስወጣኝ። ልጄ ግን እዚያ ቆሟል። እኔ ባፈርኩት እሱ ሌሎች አይባልም። አይባልም ወልዴ!» የመጨረሻውን ጮኾ ነው የተናገረው፤ ስፒከሩ እንኳ ያፏጨ መሰለኝ። አባቴ ሲጮህ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትናንት ጉራጌ ነኝ አልከኝ፣ ዛሬ ዛይ ነኝ ትለኛለህ፣ ነገ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረው እጃቸውን አወዛወዙ። «ፎርፌ ነው። ጻፍ።»

እግዚኦ! የተናገረም ያልተናገረም አንድ ሆነ ብዬ ወደ ልጆቼ ልሄድ ስዞር ፈሪዳ ሜዳው መሀል ገብታለች። በነጠላ ጫማዋ፣ ሻሿ ከራሷ ተንሸራቶ፣ አቧራውን እየረገጠች መሀል ክቡ ላይ ደርሳ ቆመች። «ተቀመጡ!» አለቻቸው ልጆቿን። ልጆቹ ተያዩ። «አልሰማችሁም? ተቀመጡ!» አረንጓዴዎቹ በሙሉ አቧራው ላይ ቁጭ አሉ። እሷ ወደ ድንኳኑ ዞራ ጮኸች፦ «እኛም ሌሎች ተብለን አይተነዋል! ሌሎች የሚባል አገር የለም፣ ሌሎች የሚባል ሰው የለም፣ ከሌለ ጋር አንጋጠምም! ሁለት ፎርፌ ጻፉና ዋንጫውን ለድንኳኑ ስጡት!»

ሜዳው በሳቅና በፉጨት ተናጋ። አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉት ውሪዎች ደግሞ የልጆቻችንን ጀርባ አንብበው «ዛይ! ዛይ! ዛይ!» ማለት ጀመሩ፤ ዛይ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ፣ መጮህ ደስ ስላላቸው ብቻ። ኦቾሎኒ ሻጯም ጨመረችበት። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ አድርጎ ወደ ድንኳኑ ያያል። ጋሽ ወልደአማኑኤል ተነሱ። ማይክ የያዘውን ልጅ «ያሉትን ስም በልላቸው፣ ይጫወቱ!» አሉት። ወንበራቸውን አንስተው ድንኳኑ ጥግ ወሰዱና ጀርባቸውን ለአባቴ ሰጥተው ተቀመጡ። እስከ ጨዋታው መጨረሻ አልዞሩም። አባቴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ኦቾሎኒ ገዝቼ መዳፉ ላይ አፈሰስኩለት።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አርጎባዎቹ ኳስ ይችላሉ። ፈሪዳ ውለታ ዋለችልን እንጂ ልጆቿ አልዋሉልንም፤ ገና ላብ ሳይወጣን ሁለት አገቡብን። የተገለበጠው ማሊያ ስፌቱ ብብታቸውን እየፋቀ ልጆቻችንን አንገበገባቸው። በሱፍቃድ ሦስተኛውን በጣቱ ጫፍ ነክቶት ነበር፣ ገባ። ኃይለመለኮት ከዕረፍት በኋላ ሁለት ሰው አልፎ አንዷን ሲያስገባ እኔና አባቴ ሳናውቀው ተቃቅፈን ተገኘን፤ ወዲያው ደግሞ አራተኛው ገባብን። በሱፍቃድ አፈሩ ላይ ተዘርግቶ ኳሷን ከመረቡ ውስጥ በእግሩ ሲጎትታት ዳኛው ነፋ። አለቀ። ተሸነፍን፣ ከውድድሩ ወጣን። ልጆቹ ሲመጡ ጀርባቸው በአቧራና በላብ ቡናማ ሆኗል፣ ግን ይነበባል።

ማይክ የያዘው ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጨዋታው ተጠናቋል» አለ። «አርጎባ አራት፣ ዛይ አንድ።»

አባቴ ቀና አለ። ሁለት እጁን አፉ ግራና ቀኝ አድርጎ «አልተሰማም!» ብሎ ጮኸ። «ድገመው!»

ልጁ ማይኩ የተበላሸ መስሎት መታ መታ አደረገው፤ አፉን አስጠግቶ ከፊተኛው አስበልጦ «አርጎባ አራት! ዛይ አንድ!» አለ። ድምፁ ከኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ሰዎች በረንዳቸው ላይ ወጥተው ወደ ታች አዩን።

«አሁንም አልተሰማም!» አልኩ እኔ።